አንድ ድፎ፣ አራት ስካር

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ነገር በተራ በተራው ካልተቀመጠ እህል አይወርድልኝም። ሁለተኛ፣ ማስረዳት እወዳለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ አስረዳለሁ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ለተቀመጠ ሰው ጉም እንዴት እንደሚፈጠር ሳስረዳው፣ ሰውዬው መውረጃው ሳይደርስ ወረደ። ሦስተኛም ነበረኝ፤ ግን ሁለት ብዬ ስለጀመርሁ ሁለት ላይ አቆማለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ከተማ መሀል ነው። ስንዴን የማውቀው ዳቦ ሆኖ፣ ጤፍን እንጀራ ሆኖ ነው። አሁን ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የመጣሁ ሰሞን ርዕሰ መምህራችን አቶ ውበቱ፣ "አንተ ትጉህ ትመስላለህ" አሉኝና የፀረ-ሱስ ክበብ ኃላፊ አደረጉኝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ እንደምወድ ሲያዩ ደግሞ የሁሉም ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ትጋት እንዲህ ናት፤ አንድ ሸክም ተሸክመህ ያየህ ሁሉ ጀርባህ ሰፊ ይመስለዋል።

ክበቡን እንደተረከብሁ በትልቅ ካርቶን ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ የሚያሰክረው ነገር፣ በቀኝ ምልክቱ። በካናቢስ ትይዩ እንዲህ ይላል፦ "የተጠቀመ ሰው አንደኛ ይስቃል፤ ሁለተኛ ይፈራል፤ ሦስተኛ ይርበዋል፤ አራተኛ፣ ጊዜ ይረዝምበታል፤ አምስተኛ የሌለ ነገር ያያል።" ካርቶኑን መምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ስሰቅል ሚስማር ያቀብሉኝ የነበሩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሞላ ናቸው። ጋሽ ሞላ የድሮ ወታደር ናቸው። ሚስማሩን በከንፈራቸው እንደያዙ፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት።

"መምህር፣ ይኼ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ነው የሚደርስ?"

"አዎ ጋሽ ሞላ።"

"የሚስቀውና የሚፈራው አንድ ሰው ነው?"

"በቅደም ተከተል ነዋ!" አልሁ።

ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡት። "ውትድርና ላይ ሳለን ሁለት ልጆች ይኼንኑ ቅጠል ሲያጨሱ ተያዙ። ከአንድ ጥቅል ነው የተቀባበሉት። አንዱ ሲስቅ ሲስቅ ቀበቶው ተፈታ። አንዱ ድንጋይ አቅፎ 'እማዬ አትሂጂብኝ' እያለ ያለቅሳል። ሻምበሉ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቅጣት ቀጣቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንድ ቅጠል እንዴት ሁለት ነገር ይሆናል?"

"እሱ የመጠን ልዩነት ነው" አልኋቸው።

አላውቅም ለማለት የሚችል አፍ ነበረኝ። አልተጠቀምሁበትም።

እንግዲህ ወደ ድፎው ልምጣ። በግቢያችን ጥግ በቆርቆሮ የተሠራች የመምህራን ሻይ ቤት አለች። የሚሠሩባት እትዬ አበቡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በዚያችው ሻይ ቤት ብቻ ነው። በቤታቸው የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን እንደ ስንዴ መርጠው፣ ቆም እያሉ ነው። እንደ ስንዴ ያልሁት በምክንያት ነው፤ እትዬ አበቡ በአገሩ ሁሉ የታወቁት እህል በመልቀም ነው። ሰርግ ያለበት ሰው ሴቶቹ የለቀሙትን ስንዴ ወደ ወፍጮ ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ እሳቸው እንዲያዩለት ያመጣላቸዋል። "በአበቡ እጅ እንክርዳድ አያልፍም" ይባላል።

እንክርዳድ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ አይፈር፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከስንዴና ከገብስ መሀል የሚበቅል አረም ነው። ሲያዩት እህል ይመስላል። ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ሲበሉት ግን ያዞራል፣ ያሰክራል፣ ያስቀባዥራል።

ባለፈው ዓመት ማገባደጃ ላይ ክበባችን ለወላጆች የማስተማሪያ ቀን አዘጋጀ። ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ለእንግዳ ዳቦ ያስፈልጋልና ስንዴ ግዛ ተብዬ ሰቆጣ ገበያ ወረድሁ። የገዛሁት ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። ጋሽ ሰይድ ከአባታቸው የወረሱት የእህል ንግድ ያላቸው፣ ውሸት የማይወዱ ነጋዴ ናቸው። ጆንያውን ሲያስሩልኝ፣ "መምህር፣ ይቺ ስንዴ ደግ ናት፤ ግን ዓይን ትፈልጋለች" አሉኝ።

"ኧረ እኔ መነጽርም አለኝ" አልኋቸው።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችን የሳቅነው በተለያየ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ስንዴውን ለእትዬ አበቡ ሳስረክብ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

"እትዬ አበቡ፣ ይኼን ለመልቀም ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?"

"እስኪያልቅ።"

"እሱማ ልክ ነው፤ በሰዓት ሲሰላ?"

"ስንዴው ነው የሚያውቅ።"

ይኼ መልስ ለሠንጠረዥ አይመችም። ስለዚህ በሻይ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ወንፊት ሣልሁ። ከስንዴ ያነሰ ነገር ሁሉ በቀዳዳው እንደሚወርድ፣ ከላይ የሚቀረው ንጹሕ ስንዴ እንደሆነ፣ በዚህ ዘዴ የሁለት ቀኑ ሥራ በአንድ ሰዓት እንደሚያልቅ በቀስት እያመለከትሁ አስረዳሁ። እትዬ አበቡ ሥዕሉን ከልባቸው ተመለከቱት።

"እንክርዳዱ ስንዴውን ካከለስ?"

"ያን ያህል የሚያክለው ጥቂት ነው።"

"መምህር፣ ይለቀም።"

"እትዬ አበቡ፣ ይኼ እኮ ሳይንስ ነው! ኃላፊነቱ የእኔ። ዝም ብለው ነፍተው ያስፈጩት።"

ጠመኔ የነካውን ጣቴን አዩ፣ በሩን አዩ። "ሳይንስ ከሆነ እሺ" አሉ።

በበዓሉ ጠዋት ሦስት ድፎ ቀረበ። እንግዶቹ ዘገዩ። አቶ ውበቱ፣ "ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ሳይቀመስ አይቀርብም" አሉና ወዲያው የቅምሻ ኮሚቴ አቋቋሙ። እሳቸው ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ የስፖርት መምህሩ ደሳለኝ አባል፣ ጋሽ ሞላ የአካባቢው ኅብረተሰብ ተወካይ። ደሳለኝ የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር ጓደኛዬ ነው። ቀመስን። መጠራጠር ስላልወደድን ደግመን ቀመስን። ቅምሻው ሲጠናቀቅ አንዱ ድፎ አልቆ ነበር።

ወላጆች ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበርና ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የወረዳው እንግዶች ደርሰው ከፊት ተደርድረዋል። ካርቶኔን በዱላ አቁሜ ተነሣሁ። ስጀምር ጤነኛ ነበርሁ፤ ይኼ ይመዝገብልኝ።

የመጀመሪያው ችግር ከቁጥሮቹ መጣ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሦስት ከቦታው ተነሥቶ እንደ ደከመው ሰው ቁጥር ሁለትን ተደገፈ። በጣቴ ገፍቼ ልመልሰው ሞከርሁ። እሱ ሲመለስ አምስት ወረደ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። "ውድ ወላጆች" ልል አፌን ከፈትሁ። "ውድ" አልሁ። በ"ውድ" እና በ"ወላጆች" መሀል አንድ ክረምት አለፈ። ዝናቡ ሲመጣ፣ ሲያባራ፣ መንገዱ ሲደርቅ ይሰማኛል፤ እኔ ገና "ወላጆች" አልደረስሁም። በመጨረሻ ቃሉ ሲወጣ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍሉ ቆርቆሮ ላይ መጣ። ዘወር ብዬ ቆርቆሮውን አየሁት።

"እሰይ!" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ቁጭ ሰካራሙን አስመሰለው!"

"ልክ የወንድሜን ነው እኮ የሚያደርግ" አለች አንዲት ሴት። "ዓይኑን እዩት እስኪ!"

"ኧረ እውነቴን ነው፣ እኔንጃ፣ የሆነ ነገር ሆኛለሁ!" አልሁ።

"ሰካራምም እንዲሁ ነው የሚል!" አሉ ሽማግሌው፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ከወረዳው እንግዶች አንደኛው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል።

በዚህ ቦታ ብትስቁ አልቀየምም። ነገር ግን ውስጡ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ፍርሃት ነበር። አውሬ ያየ ሰው የሚፈራው ዓይነት አልነበረም። በሕይወቴ በመስመር ያስቀመጥሁት ነገር ሁሉ፣ ደብተሮቼ፣ ጫማዎቼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የቆጠርኋቸው ቁጥሮች፣ አንድ ቀን ጀርባዬን እስካዞር ብቻ ታግሠው ሲጠብቁ የኖሩ መሰለኝ። አሁን አዙሬአለሁ። ሁሉም ቀስ ብለው ይነሣሉ። ያን ፍርሃት ከፊቴ የተቀመጡት መቶ ሰዎች አላዩትም። ያዩት የሚንገዳገድ መምህር ነው። እውነትም እንገዳገድ ነበር።

ካርቶኑን ተደግፌ ከካርቶኑ ጋር ወደቅሁ። ጭብጨባው ያኔ ነው የቆመው።

ወዲያው ከሜዳው በኩል ሳቅ ተሰማ። ደሳለኝ የጎሉን ቋሚ አቅፎ እንባው እየወረደ ይስቃል። ተማሪዎች ሊያነሡት ሲሞክሩ ቋሚውን እያሳየ የበለጠ ይስቃል። ጋሽ ሞላ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፍተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ በበሩ ግን ማንም አይገባም። አቶ ውበቱ የተገኙት ቢሯቸው ውስጥ ነው። "እኔ ምንም አልሆንሁም" ይላሉ፤ ማህተም ይመታሉ። ባዶ ወረቀት ላይ መቱ፣ የጠረጴዛውን ልብስ መቱ፣ የግራ እጃቸውን መቱ። ደሳለኝን ደግፈው ሲያስገቡት ግንባሩን መቱት። ደሳለኝ ለዚህም ሳቀ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየሮጠች መጣችና አራታችንንም ግራሩ ጥላ ሥር አስተኛችን። "ምን ይሰማሃል?" ብላ በተራ ጠየቀችን። ደሳለኝ "ደስታ" አላት። ጋሽ ሞላ "ጸጥታ" አሏት። አቶ ውበቱ "ምንም" አሏት። እኔ "ቁጥር ሦስት የት ሄደ?" አልኋት። ደብተሯን ዘጋችና ውኃ አምጡ አለች። አስመለሰን፣ ጠጣን፣ ተኛን። አሥር ሰዓት ሲሆን ከራስ ምታትና ከእፍረት በቀር ምንም አልቀረብንም። የተረፉት ሁለት ድፎዎች ተቀበሩ፤ እንግዶቹማ መውደቄን የድራማ ማብቂያ አድርገው፣ ሳይበሉ ቀድመው ሄደው ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ ወሬው እኛን ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር። "አበቡ መምህራኑን አስተናግር አበላቻቸው" ይላል። አስተናግር በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ የቀመሰውን ሰው የሚያስለፈልፍ ቅጠል ነው። ከሳምንት በፊት አቶ ውበቱ ሻይ ቤቷን ወደ መጸዳጃ ቤቱ በኩል አዛውሩ ብለዋቸው እትዬ አበቡ ቅር ብሏቸው ነበር፤ እንግዲህ ምክንያትም ተገኘ። እንክርዳድ ይሆናል ብሎ የተናገረ ሰው አልጠፋም፤ ግን ሌላው ቶሎ ብሎ ይመልስለታል። "በአበቡ እጅ እንክርዳድ ያልፋል? ሆን ብላ ካልሆነ በቀር!" የሃያ ዓመት ሙገሳ በአንድ ቀን ክስ ሆነ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የአራታችንን ቃል በሠንጠረዥ ያዝሁ። ደሳለኝ እንዲህ አለ፦ "ሁለቱ ቋሚዎች ባልና ሚስት ናቸው። አግዳሚው ልጃቸው ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ተሸክመውት ቆመዋል፤ እሱ መውረድ እንቢ ብሏል! ይኼን አይቼ እንዴት አልስቅ?" ጋሽ ሞላ አጭር ቃል ሰጡ። "ወንድሜ መጣ። ጦር ሜዳ የቀረው። በር ከፈትሁለት።" ፈሩ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ወንድሜን ልፈራ?" አሉኝ። አቶ ውበቱ ምንም እንዳልሆኑ አስመዘገቡ፤ ሲናገሩ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀዋል፤ የማህተሙ ቀለም አልለቀቀም ነበር።

ከዚያ አቶ ውበቱ ሠንጠረዡን አነሡና ለረጅም ጊዜ አዩት።

"አንድ ዓይነት መርዝ ቢሆን አንድ ዓይነት ያደርገን ነበር" አሉ። "አንዱ ስቋል፣ አንዱ ፈርቷል፣ አንዱ የሞተ አይቷል፣ እኔ ምንም አልሆንሁም። ስለዚህ መርዙ አራት ዓይነት ነው። አራት ዓይነት መርዝ በአንድ ድፎ ውስጥ በስህተት አይገባም። ስለዚህ ሆን ተብሎ ነው።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሎጂኩ ማረከኝ። ቁልጭ አድርጌ ጻፍሁት።

እትዬ አበቡ ተጠሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ቆሙ።

"ወይዘሮ አበቡ፣ ዳቦው ውስጥ ምን ጨመሩ?" አሉ አቶ ውበቱ።

"ያዘዙኝን ነው የጋገርሁ" አሉና እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ የለውም። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔ ምን አደረግሁ? ጻፍሁ። "ወይዘሮ አበቡ ትእዛዝ አክባሪ መሆናቸውን ገልጸዋል።" ኮሚቴው ዓርብ የመጨረሻ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ እሳቸውም ዕለቱን የሻይ ቤቱን ቁልፍ እንዲያስረክቡ ወሰነ።

ለምን ዝም እንዳልሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ያን ዕለት ጠዋት የወረዳው እንግዶች ማታውኑ የጻፉት ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። የስካርን ጉዳት በድራማ ያቀረብሁበት ችሎታ እጅግ እንዳስደሰታቸው፣ ይኼንኑ ድራማ ሰቆጣ በዞን ደረጃ እንዳቀርበው፣ ለአርአያ መምህርነትም እንደታጨሁ ይገልጻል። ደብዳቤውን በላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ ወንፊቱ ሊሳሳት ይችላል የሚለው ሐሳብ ጭንቅላቴ አልገባም ነበር። የሣልሁትን ሥዕል አምናለሁ፤ ቀስቶቹ እንኳ ያምሩ ነበር።

እስከ ሐሙስ እንዲህ ሰነበትሁ። እትዬ አበቡ በየጠዋቱ ሻይ ቤታቸውን ይከፍታሉ፤ የሚገባ የለም። መምህራኑ ሻይ ከቤታቸው በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ። በሩ ላይ የሣልሁት ወንፊት አሁንም አለ። እትዬ አበቡ ደጃፉን ይጠርጋሉ፤ ሥዕሉን ግን አይነኩትም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተነፍታ ሳትፈጭ የተረፈች ስንዴ በኪሴ ይዤ ወደ ግቢው በር ሄድሁ። ጋሽ ሞላ ተቀምጠዋል። ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ስንዴውን በተንሁበት።

"ጋሽ ሞላ፣ እስኪ ይኼን ይዩልኝ። ይኼ ምንድን ነው?"

"እንክርዳድ።"

"ይኼስ?"

"እንክርዳድ።"

"ይኼስ?"

"ጠጠር።"

 ጋሽ ሞላ ስንዴውን የሚያክሉትን ግን ጠቆር ያሉትን ፍሬዎች በጥፍራቸው ወደ አንድ ጎን ገፉ። ክምሩ ከፍ እያለ ሄደ።

"አበቡ ይኼን አልለቀመችም ማለት ነው" አሉ። "አበቡ! ማን አለ አትልቀሚ?"

የወንፊት ቀዳዳ ስፋት ከፍሬው ርዝመት ይልቅ ከውፍረቱ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ማስረዳት ጀመርሁ።

"ገባኝ" አሉ ጋሽ ሞላ።

 ፀሐዩ ወደ ጋዝጊብላ ተራራ ዘቅዘቅ ብሏል። የከነከነኝን ለማንሣት ይኼ ቦታው ነው ብዬ ገባሁ።

"ጋሽ ሞላ፣ የዚያን ዕለት የነገሩኝ ነገር፣ አንድ ቅጠል እንዴት ሁለት ነገር ይሆናል ያሉኝ። አንድ ድፎ በላን። እኔ ያየሁትን እርስዎ አላዩም። እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም። የእኔ ሠንጠረዥ ለአራታችንም 'የሌለ ነገር ያያል' ነው የሚል። የእርስዎ ወንድም ከእኔ ቁጥር ሦስት ጋር አንድ መስመር ላይ ገባ ማለት ነው።"

"አልገባም" አሉ ኮስተር ብለው።

"እኮ! አልገባም። ታዲያ ምንድን ነው?"

ጋሽ ሞላ አንዷን እንክርዳድ ጣታቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አነሧት። "ይቺ እንግዳ ናት። እንግዳ ከየቤቱ ቢገባ የሚበላው ቤት ያፈራውን ነው። የደሳለኝ ቤት ሳቅ ነበር፣ ሳቅ ቀረበላት። የእኔ ቤት ያው ያ ልጅ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? ያንተን አንተ ታውቃለህ።" ፍሬዋን እፍ ብለው ጣሏት። "ውበቱ ቤት ደግሞ ማህተም ብቻ ነው የተገኘ።"

ሳቅን። ከዚያ ሳቃቸውን ሰበሰቡ።

"አበቡ ቁልፉን ነገ ነው የምታስረክብ?"

"አዎ፣ ዓርብ።"

"ዛሬ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ።"

"ደግ። ቀን መቁጠር ታውቃለህ ማለት ነው።" ተነሥተው በሩን ሊዘጉ ሄዱ።

ዓርብ ስብሰባው ተጀመረ። የመጨረሻው አጀንዳ እንደተለመደው "ልዩ ልዩ" ነበር። በአገራችን ስብሰባ ውስጥ እውነት የሚነገረው ልዩ ልዩ ላይ ነው ይባላል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ስለያዘ። እትዬ አበቡ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥረው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እጄን አወጣሁ።

"ሦስት ነጥቦች አሉኝ" አልሁ። "አንደኛ፣ ስንዴውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሻጩም መለቀም አለበት ብለውኝ ነበር። ሁለተኛ፣ እትዬ አበቡ ይለቀም ብለውኝ ነበር፤ አይልቀሙ ያልኋቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛ..."

ሦስተኛው ጠፋኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤነኛ ሆኜ ቁጥር ሦስት ጠፋኝ። ስንዴውንና እንክርዳዱን ለይቼ ያመጣሁበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

 መጀመሪያ ድምፁ የተሰማው ደሳለኝ ነው፤ የጎሉን ቋሚ አቅፎ የሳቀውን ሳቅ ደገመው። አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ብቻ ነበር የጠጣው።

"ቆይ ቆይ!" አሉ አቶ ውበቱ። "አራቱ ዓይነት መርዝስ?"

"እንክርዳዱ አንድ ነው፣ ርዕሰ መምህር። ሰዎቹ ነን አራት።"

አቶ ውበቱ አሰቡ። "እኔ ግን ምንም እንዳልሆንሁ ይመዝገብ" አሉ። መዘገብሁ። ከዚያ ወደ እትዬ አበቡ ዞሩ። "ቆይ እርስዎስ? ይኼን እያወቁ ሰኞ ዕለት ለምን አልተናገሩም? ሻይ ቤቱ ሊወሰድብዎት አልነበረም?"

እትዬ አበቡ እንደ ልማዳቸው ቃላቸውን ለቀሙ።

"መምህሩ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብሎኝ ነበር" አሉ። "መጥቶ እስኪወስደው ጠበቅሁ።"

ብዙ ተግሣጽ ደርሶብኝ ያውቃል። ከእነዚያ ሁሉ ይኼ አጭሩ ነው። ቁልፉ ተመልሶ መቀነታቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቃለ ጉባኤውን እንዴት እንደጨረስሁት አላውቅም። ለወረዳውም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ድራማው ድራማ እንዳልነበረ፣ ስለዚህም ሰቆጣ ላይ ልደግመው እንደማልችል። እስካሁን መልስ አልመጣም። አርአያነቱም እንዲሁ።

ኮሚቴው ቅጣት አልወሰነብኝም። ቅጣቱን የወሰኑት እትዬ አበቡ ናቸው፤ "ቅዳሜ ና" ብቻ ነው ያሉኝ። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሰፌድ ጭኜ ላይ አድርጌ ስንዴ እለቅማለሁ። የወንፊቱን ሥዕል ራሴ አጥፍቼዋለሁ። የግድግዳውን ካርቶንም ማስተካከል ጀምሬ ነበር፤ "ይስቃል"ን "ሊስቅ ይችላል" አልሁት፣ "ይፈራል"ን "ሊፈራ ይችላል"። ከዚያ "የሌለ ነገር ያያል" ላይ ስደርስ የጋሽ ሞላ ወንድም ትዝ አለኝና እስክሪብቶዬን ከደንሁ። ተማሪዎቼን አሁንም አትንኩት እላቸዋለሁ፤ የሚያገኛችሁ ይኼ ነው ብዬ ግን አልቆጥርላቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ እየለቀምን ሳለ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

"እትዬ አበቡ፣ እርስዎ ከዚያ ድፎ አልቀመሱም?"

"ቁራሽ በልቻለሁ።"

"ምን ተሰማዎት ታዲያ?"

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። አሰቡ። ከዚያ በኽምጣንጋ ተናገሩ። ረጅም ነበር። መሀሉ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ወደ መጨረሻው ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን አንድ ጊዜ ወደ ተራራው ዘርግተው መለሱት። ሲጨርሱ ዓይናቸው ርጥብ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

"በአማርኛስ?" አልሁ።

"በአማርኛ ያው፣ ራሴን አዞረኝ ነው" አሉ፤ ወደ ስንዴያቸው ተመለሱ።

ኪሴ ውስጥ ያ የአራታችን ሠንጠረዥ ነበር። አላወጣሁትም።

ጥቂት ቆይተው የለቀምሁትን ክምር በጣታቸው በተኑትና ሦስት ፍሬ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

"እነዚህስ?"

"ስንዴ መስለውኝ።"

"እም። ይኼን ሰፌድ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል መምህር?"

"እስኪያልቅ" አልሁ።

"ደግ" አሉና፣ ሌላ ቁና ስንዴ ሰፌዴ ላይ ገለበጡ።